የባሕር ንግድ ትምህርት ዕድሉ ጋይንትም ይለጠፍ

ለኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ
ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ

ጉዳዩ፦ በባሕር ንግድ ሙያ ውጭ አገር የሚማሩ ተማሪዎችን አመራረጥ ይመለከታል

ክቡራን፣

ከጋይንት ስለ መርከብ የሚጽፍላችሁ ሰው ብዙ የለም ብዬ እገምታለሁ። የቤተ ልሔም አካባቢ ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬ ግን የጉምሩክ አስተላላፊነት ነው፤ ገበያው ትራንዚተር የሚለው። የዕቃ ሰነድ ይዤ ከመጋዘን ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ባንክ ስመላለስ የኖርኩ ነኝና የምጽፍላችሁ ስለ መርከቡ ብረት ሳይሆን ስለ ወረቀቱ ነው። አገራችን መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው ማሠልጠን ጀምራለች። መርከብ የሚከራይ፣ የኪራይ ውል መስመር በመስመር የሚያነብ፣ በጭነት ዋጋ የሚደራደር፣ የባሕር ኢንሹራንስ የሚገዛና ካሣ የሚጠይቅ ሰው ግን ገና በቁጥር አላፈራችም። ትምህርቱ በደንብ የሚሰጠው ለጊዜው ውጭ አገር ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ይላኩ፤ ምርጫውም አዲስ አበባ ላይ በሹክሹክታ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ አይሁን።

ጋይንት ከባሕር ሩቅ ነው፤ የባሕሩ ዕቃ ግን ጓዳችን ድረስ ይገባል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የሴፍቲኔት ወረዳዎች ናቸው። በየጊዜው ሲታደል ከኖረው የዕርዳታ ስንዴ ብዙው ጅቡቲ ላይ ከመርከብ የወረደ ነው። ገበሬው ጤፉ ላይ የሚበትነው ዩሪያም በዚያው መንገድ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ለኢትዮጵያ ጭና ከጥቁር ባሕር ተነሣች፤ በዚያው ወር መጨረሻ ጅቡቲ ደረሰች። ሚሳይል በሚወረወርበት ባሕር መርከብ ለማሰማራት ከካፒቴኑ በፊት ያስፈለገው ሰው ሌላ ነበር፤ መርከቧን የተከራየ፣ የጦርነት አደጋ ዋስትናውን ያሰላና የፈረመ ሰው። ለዚያ መስመር የተዘጋጀው ዋስትና የወጣው ከለንደን የኢንሹራንስ ገበያ ነው። ስንዴው የእኛ ነው፤ ስሌቱን የሠሩት ሌሎች ናቸው። ከኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ ሁቲዎች በቀይ ባሕር በሚያልፉ መርከቦች ላይ መተኮስ ሲጀምሩ የዚያው ዓይነት ዋስትና ዋጋ ተሰቀለ። ብዙ መርከቦችም በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ በኩል አፍሪካን መዞር መረጡ። ያ ጭማሪ በመጨረሻ የሚታየው ደብረ ታቦር ሱቅ ውስጥ፣ የዘይት ጀሪካን ላይ ነው።

እስቲ አንድ የማዳበሪያ መርከብ እንውሰድ። መርከብ ሲከራዩ ዕቃው የሚራገፍበት ጊዜ በውሉ ይጻፋል። ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው መርከቧ ከወደቡ ውጭ መልሕቅ ከጣለች ጀምሮ ነው ወይስ ተራ ደርሷት ከተጠጋች በኋላ? ዝናብ የዋለበት ቀን ይቆጠራል? ዓርብና የበዓል ቀንስ? የጭነት መኪና ጠፍቶ ማራገፉ ቢቆም ዕዳው የማን ነው? ጊዜው ካለፈ በየቀኑ በዶላር ይከፈላል። ዲመሬጅ የሚባለው ይህ ነው፤ ቃሉን መርካቶ ያለ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል፣ ኮንቴይነሩ በዘገየ ቁጥር ስለሚከፍለው። ነጋዴው የሚያውቀው ግን ክፍያውን ነው። የዚህ ሁሉ ጥያቄ መልስ የተቀመጠው መርከቧ ሳትነሣ በተፈረመው ወረቀት ውስጥ ነው፤ ያ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝ ሕግ የሚተረጎም፣ ክርክሩም ለንደን በግልግል ዳኞች ፊት የሚታይ ነው። አንድ ሐረግ ሲፈረም ዝም ብሎ ያለፈ ሰው መርከቧ ጅቡቲ ከቆመች በኋላ ቢጮህ የሚሰማው የለም። የባሕር ንግድ ትምህርት ማለት ይህችን ሐረግ አይቶ «ይህ አይሆንም፣ እንዲህ ይስተካከል» ማለት የሚችል ሰው ማፍራት ነው። ወደ ውጭ የሚላክ አንድ ተማሪ ወጪው ብዙ ነው ሲባል እሰማለሁ። አንድ መርከብ ያለ ሥራ ወደብ ላይ ከሚቆምበት ወጪ ጋር ይነጻጸርልኝ እላለሁ።

ከዜሮ አልተነሣንም፤ ይህንም መመስከር አለብኝ። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1960 የባሕር ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ስለ ጭነት ሰነድ፣ ስለ መርከብ ኪራይ፣ ስለ ባሕር ኢንሹራንስ በዝርዝር የሚደነግግ ሕግ። የባሕር ኃይል ኮሌጅም ነበረን፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኖርዌጂያውያን መኮንኖች ናቸው ኃይሉን ያደራጁት። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ጠረፉ ሄደ፤ መርከቦቹ ግን ቀሩ፣ ሰንደቃችንም ባሕር ላይ ቀረ። በኋላም ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦች ቻይና ውስጥ ተሠርተው መጡ። ዛሬ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጣና ዳር ባለው የማሪታይም አካዳሚው የሜካኒካልና የኤሌክትሪክ ምሩቃንን ለመርከብ ሞተር ክፍል እያዘጋጀ ያወጣል፤ ቢሾፍቱም የባቦጋያ አካዳሚ አለ። ከእነዚህ የወጡ ልጆቻችን በውጭ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ ካዴት ሆነው ጀምረው መኮንን እስከመሆን ደርሰዋል፤ ቤተሰባቸውን በውጭ ምንዛሪ ይረዳሉ። ደስ ይላል። መርከቡን የሚያሽከረክሩት እነሱ ናቸው። መርከቡ ወዴት፣ በስንት፣ በማን ኃላፊነት እንደሚሄድ የሚወስነው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ያን ወንበር ነው የምጠይቃችሁ።

«ባሕር ሳይኖረን ምን የባሕር ንግድ?» የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1921 ባርሴሎና ላይ የተፈረመው ስምምነት ጠረፍ የሌለው አገርም በሰንደቁ መርከብ ሊያሰማራ እንደሚችል ተቀብሏል፤ የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነትም ባሕር አልባ አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የመተላለፍ መብት እንዳላቸው በአሥረኛው ክፍሉ ደንግጓል። ከሕጉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን ስዊዘርላንድ ናት። የባሕር ጠረፍ የላትም። ይሁን እንጂ በዓለም ትልቁ የኮንቴይነር መርከብ ኩባንያ ኤምኤስሲ ዋና መሥሪያ ቤቱ ጄኔቫ ነው። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች ማዕበል አያዩም፤ ውል፣ ዋጋና የጊዜ ሰሌዳ ነው የሚያዩት። ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ወደብ ያልተናገረ የለም፤ የሶማሌላንዱ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፣ ዓመት ሊሞላው ሲል ደግሞ አንካራ ላይ ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ተነበበ። ነገ ወደብ በኪራይም በሽርክናም ቢገኝ የኪራዩን ውል ማን ያነበዋል? የወደቡን ታሪፍ ማን ያሰላዋል? የወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ በኩል በሚያልፍበት በዛሬው ቀን እንኳ እነዚህ ጥያቄዎች የዕለት ሥራ ናቸው። ለግል ድርጅቶችም የመልቲሞዳል ፈቃድ መስጠት ተጀምሯል፤ እሰየው ነው፤ እነሱም ሠራተኛ ከየት እንደሚያመጡ ጠይቁልኝ።

ትምህርቱ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ለአንባቢ ልጥቀሰው። ስዊድን ማልሞ ላይ ያለው የዓለም ማሪታይም ዩኒቨርሲቲ በ1983 (እ.ኤ.አ.) በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት የተቋቋመ ነው፤ ኢትዮጵያውያንም ተምረውበታል። ማልታ የባሕር ሕግ ተቋም አለ። ሮተርዳም የኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ኢኮኖሚክስና ሎጂስቲክስ ማስተርስ ይሰጣል፤ እንግሊዝ ፕሊመዝና ሊቨርፑል፣ ቻይና ዳልያንና ሻንጋይ፣ ግብፅ እስክንድርያ የዓረብ አካዳሚ አሉ። ከማልሞው ጀምሮ ብዙዎቹ በለጋሾች የሚሸፈን የትምህርት ዕድል አላቸው። ዕድሉን ለማግኘት ግን ብዙውን ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም የአሠሪ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ነገሩ የሚወሰነው እንግዲህ በዚያች ደብዳቤ ነው።

የእህቴ ልጅ ሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ተምራ በጥሩ ውጤት ተመርቃለች። ከእንግሊዝ አንድ ዩኒቨርሲቲ በማሪታይም ቢዝነስ ማስተርስ እንድትማር የቅበላ ደብዳቤ መጣላት። ስታሳየኝ «ጋሼ፣ ይኼ እርስዎ የሚለፉበት ወረቀት ነው፤ እዚያ ሆነው የሚጽፉትን ሰዎች ሥራ ነው የምማረው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ለተማሪ ቪዛ የቀረው የትምህርት ክፍያና የኑሮ ገንዘብ ባንክ ውስጥ ሳይነካ 28 ቀን መቀመጥ አለበት። የቤተሰባችን ሀብት በሬና መሬት ነው፤ በሬና መሬት ደግሞ በባንክ መግለጫ ላይ አይጻፍም። የእንግሊዝኛ ፈተናው ጋይንት አይሰጥም፤ ለእሱም አዲስ አበባ መውረድ ያስፈልጋል። ዲግሪውን ለማረጋገጥም ሆነ ፓስፖርት ለማውጣት ከጋይንት ርቆ መሄድ ግድ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክልላችን በግጭት ውስጥ መሆኑን፣ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት መክረሙን፣ ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አልነግራችሁም፤ ማመልከቻን በኢንተርኔት ብቻ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ግን ይህን አያውቅም፣ ቀነ ገደቡንም አያራዝምም።

ሁለተኛው መንገድ ነጻ የትምህርት ዕድል ነበር። በኮንትራት ትሠራበት የነበረ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ የናንተም አይደለም፣ የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቀች። ማስታወቂያው በውስጥ ሰሌዳ ወጥቶ ጊዜው አልፏል ተባለች። በዓመቱ እንደገና ስትጠይቅ ደግሞ ዋስ አምጪ ተባለ፤ ደመወዙ ይህን ያህል የሆነ፣ ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ። የጋይንት ገበሬ ልጅ እንዲህ ያለ ዋስ ከየት ታመጣለች? የምታውቀው የመንግሥት ሠራተኛ አስተማሪዎቿ ናቸው፤ የአስተማሪ ደመወዝ ደግሞ የተጠየቀውን አይሞላም። አሁን ደብረ ታቦር አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ ሒሳብ ትሠራለች። የምትመዘግበው ቆርቆሮና ብረት ሁሉ በኮንቴይነር የመጣ መሆኑን ስትነግረኝ ትስቃለች፤ እኔ ግን አልስቅም።

ክቡራን፣ ዋስ የሚባለውን ነገር ስሰማ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ቤተ ልሔም ነው። ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የዜማ መጽሐፍ፣ ምስክር ቤት ነው፤ ከአገሪቱ ዳርቻ ሁሉ ድጓ የተማረ ሰው መምህር ለመሆን የሚመሰክረው እዚያ ነው። የግራኝ ጦርነት ብዙ መጽሐፍ ባጠፋበት ዘመን ድጓው የተረፈው እዚያ እንደሆነ አባቶች ይተርካሉ። አሠራሩን ተመልከቱ። ሊቃውንቱ አንድ ቦታ ሁሉን አላስተምርም ብለው ተከፋፍለዋል፤ ለአቋቋም ጎንደር፣ ለዝማሬ መዋሥዕት እዚሁ ጋይንት ዙር አምባ፣ ለድጓ ቤተ ልሔም። ስለዚህ ተማሪ ለትምህርት አገር ለቆ መሄዱ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያውም ሳይዞር የተማረ ሰው ብዙም አይታመንም ነበር።

ከትግራይ፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም የመጣው ተማሪ ቤተ ልሔም ሲደርስ ማንም የባንክ ወረቀት አልጠየቀውም። የተጠየቀው ከማን እንደተማረና ምን ያህል እንደዘለቀ ነው። ጎጆ ቀልሶ ይገባል። አኮፋዳውን ይዞ በእንተ ስማ ለማርያም ይላል፤ የጋይንት ባልቴት ከሌላት ላይ ቁራሽ ትሰጠዋለች፤ ውሻው ደግሞ ያባርረዋል፣ እሱም የትምህርቱ አካል ነው። ድጓውን በገዛ እጁ ይገለብጣል፤ ምልክቱን ከቃሉ በላይ ጽፎ፣ የኔታ ፊት ዜማውን ይወጣል፣ ይታረማል፣ እንደገና ይወጣል። ሲመሰክር መምህሩ ይመርቁታል። ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ ወይም በተጠራበት ደብር ጉባኤ ይዘረጋል። ለዚህ ሁሉ የያዘው ዋስ ዕውቀቱና የመምህሩ ቃል ነበር። ይህን የምለው የትናንቱን ኑሮ ለማቆንጀት አይደለም፤ ብርድና ቸነፈር ስንቱን ተማሪ መንገድ ላይ አስቀርቶታል። የምለው ሦስት ነገር ስለነበረበት ነው፦ መግቢያው ለሁሉ ክፍት ነበር፣ ፈተናው በአደባባይ ነበር፣ የተመሰከረለት ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ነበረው። የእናንተ የትምህርት ዕድል ከሦስቱ ስንቱ እንዳለው እናንተው ፍረዱ።

ሦስተኛው፣ የወንበሩ ነገር፣ ከሁሉ የከፋው ይመስለኛል። ተምረው የተመለሱ ሰዎችን አውቃለሁ። አንዱ የመርከብ ኪራይ ገበያን አጥንቶ መጥቶ የንብረት ክፍል ኃላፊ ተደርጓል፤ ለምን ቢሉት ክፍት መደብ የነበረው እሱ ነው። ሌላዋ መመለሷን ሳትጨርስ ከዱባይ የተሻለ ጥሪ መጣላት፤ ሄደች፤ ማን ይፈርድባታል? ተማሪ ለመላክ ውል የሚያስፈርመው መሥሪያ ቤት ሲመለስ ምን ሥራ እንደሚሰጠው በዚያው ውል ውስጥ ቢጽፍ ተማሪውም ግዴታውን በልቡ ይፈርማል። በገንዘብ ዋስ ምትክ ይህን ያህል ዓመት በሙያዬ አገለግላለሁ የሚል የአገልግሎት ውል ይበቃል፤ ዋስ ከድሃ ቤት ልጅ ይልቅ የሚያመቸው ለባለሥልጣን ልጅ ነው።

ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ለብቻው አንድ ቃል አለኝ። አካዳሚያችሁ የሞተር ክፍሉን ይዟል፤ በጎኑ የማሪታይም ቢዝነስና የባሕር ሕግ ትምህርት ቢከፈት ግማሹ ሥራ በቅርብ ያልቃል። የሕግ ትምህርት ቤት አላችሁ፣ የንግድ ሥራ ኮሌጅ አላችሁ፣ ጣናም ከአጠገባችሁ ነው። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ በተሽከርካሪ ተጭና ጣና ስትደርስ ሕዝቡ በየመንገዱ እየወጣ አይቷታል፤ ያን ጉዞ ሰነዱን፣ ዋስትናውን፣ ኃላፊነቱን ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ የማስተርስ ተማሪ እንዲያጠናው ብትሰጡት ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ይወጣዋል። ወረታ ላይ ደግሞ ደረቅ ወደብ አለ። ከወልዲያ በጋሸናና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወረታ የሚወርደው፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት መንገድ በጋይንት መሐል ያልፋል፤ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ሲያልፍ የሚያዩ ልጆች በመንገዱ ዳር አሉ። የወረታን ደረቅ ወደብ ለደረሱ ተማሪዎች የልምምድ ቦታ አድርጉት። ሰላም በሚሆንበት ቀን ሥራው ይበዛል፤ ሰው ከዚያ በፊት መዘጋጀት አለበት።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። በየዓመቱ በባሕር ንግድ፣ በባሕር ሕግና በወደብ አስተዳደር የሚገኙ የውጭ የትምህርት ዕድሎች ስንት እንደሆኑና የት እንዳሉ ማሪታይም ባለሥልጣን በይፋ ያውጣ። ማን አመለከተ፣ በምን መለኪያ ተመረጠ የሚለውም ከውጤቱ ጋር ይታይ። ትምህርት ሚኒስቴር የዋስ ጥያቄውን በአገልግሎት ውል ይተካ፤ የቋንቋ ፈተናውን ወጪ ለተመረጡት ይሸፍን፤ ኢንተርኔት በተቋረጠበት አካባቢ ያሉ አመልካቾች በወረቀት የሚያመለክቱበት በር ይክፈት። የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስም ለሚመለሱት መደቡን አስቀድሞ ይያዝላቸው። ማስታወቂያው በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሰሌዳ፣ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ደጅ ላይ፣ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ይለጠፍልን። መልሳችሁን በደብዳቤ ሳይሆን በጋዜጣ ስጡን፤ ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለምና ሌሎችም ያንብቡት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ፣ ከጋይንት ቤተ ልሔም